ቶሎ የማያልቀው የፍሬን ሸራ

ባለፈው ክረምት፣ ካፊያ ባለበት አንድ ማለዳ፣ በሞተር ሳይክሌ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ የፊት ፍሬኔ ለአፍታ አልያዘኝም። እጀታውን እንደ ወትሮው ጨበጥሁት፤ ከጣቶቼ ሥርም ጠንከር ያለ ነበር፤ ሞተሩ ግን ፍጥነቱን ሳይቀንስ ጥቂት ሜትሮች ከሄደ በኋላ ነው በድንገት የያዘው። ከፊቴ የሚሻገር ሰው ስላልነበረ እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። ቤት ደርሼ ካሊፐሩን፣ ማለትም ሸራውን ይዞ ዲስኩ ላይ የሚጫነውን ክፍል፣ ፈትቼ ሳየው ሸራው ገና ግማሹ እንኳ አላለቀም፤ ፊቱ ግን እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር፤ ከጎማው ጋር በሚዞረው የብረት ዲስክም ላይ በጥፍር የሚዳሰስ ጭረት አውጥቶበታል።

ያንን ሸራ ስገዛ ሻጩ የነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቶሎ እንደማያልቅ። እኔም ሌላ ሳልጠይቅ ከፈልሁ። ሸራ የሚገዛው ግን ለማቆም ነው፤ ስንት ወር እንደሚቆይ መጠየቅ ያለበት በምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ ከታወቀ በኋላ ነው። ለዚህ ደግሞ የሻጭን ቃል መጠበቅ አያስፈልግም፤ በብዙ ሸራዎች ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ ከተጻፉት ቁጥሮች ጋር ሁለት የላቲን ፊደላት ተያይዘው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ሸራው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው በጣም ሲግል የሚኖረውን የሰበቃ መጠን ያመለክታሉ። ኢ (E) ከ0.25 እስከ 0.35፣ ኤፍ (F) ከ0.35 እስከ 0.45፣ ጂ (G) ከ0.45 እስከ 0.55፣ ኤች (H) ደግሞ ከ0.55 በላይ ማለት ነው። ስለዚህ ኤችኤች የተባለ ሸራ ከኤፍኤፍ ጋር ሲነጻጸር በተመሳሳይ የእጅ ጉልበት በጣም የበለጠ ይይዛል። የእኔን አሮጌ ሸራ አጽድቼ ባገላብጠው አንድም ፊደል አላገኘሁበትም። ከዚያ ወዲህ ምንም ያልተጻፈበትን ሸራ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ፣ አልገዛም።

ከፊደሉ ቀጥሎ የሚመጣው ሸራው የተሠራበት ነገር ነው። ኦርጋኒክ የሚባለው ከቃጫና ከማጣበቂያ ሙጫ የተሠራ በመሆኑ ለዲስክ ይራራል፤ ገና ሳይሞቅም በለሰለሰ ሁኔታ ይይዛል፤ ለቀላል ሞተርና ለሜዳ መንገድ በቂ ነው። ይሁን እንጂ በረጅም ቁልቁለት ላይ ያለ ዕረፍት ሲያዝ ይግልና ኃይሉ ይዳከማል። ሲንተርድ የሚባለው፣ በአብዛኛው የመዳብ ቅይጥ የሆነ የብረት ዱቄት በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ተጋግሮ የሚሠራው፣ በዝናብም በግለትም የተሻለ ይይዛል፤ ዕድሜውም ረጅም ነው። ይህ ግን ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ዲስክን ይበልጥ ይበላል፣ ሙቀትንም ወደ ፍሬን ዘይቱ በቀላሉ ያሳልፋል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ በቆየ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ስለሚል፣ ዶት 4 የሚባለው የዘይት ዓይነት ለምሳሌ አዲስ ሳለ ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚችለው እርጥበት ሲጠጣ እስከ 155 ሊወርድ ስለሚችል፣ ሲንተርድ አስገብቶ የሦስት ዓመት ዘይት መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ዲስኩ የተሠራበት ብረትም መታየት አለበት፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት (ካስት አይረን) ዲስክ ላላቸው አሮጌ ሞተሮች ሲንተርድ አይመከርም፤ ስቴይንለስ (የማይዝግ ብረት) ለሆነው ግን ይስማማል።

እንደ አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ለበዛበት፣ ክረምቱም ለሚረዝም ከተማ የእኔ ምርጫ ከፊት ሲንተርድ፣ ከኋላ ኦርጋኒክ ነው። ሞተር ሲያቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያጋድል ሥራውን በብዛት የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው፤ የኋላው ጎማ ደግሞ ክብደት ስለሚቀልለው፣ ኃይለኛ ሸራ ከተደረገበት በእርጥብ አስፋልት ላይ በቀላሉ ተቆልፎ ይንሸራተታል። ከኋላ የሚፈለገው በልክ የሚታዘዝ እንጂ ጠንካራ ፍሬን አይደለም።

ሱቅ ስሄድ አሮጌውን ሸራ ይዤ እሄዳለሁ፤ ምክንያቱም የአንድ ሞተር ስም በተለያየ ዓመት የተለያየ ካሊፐር ሊኖረው ይችላል። ሁለቱን ደርቤ የብሎኑ ቀዳዳ መገጣጠሙን አያለሁ፤ የማይገጥመውን በሞረድ አስተካክላለሁ የሚልን ሰው አልሰማም። ሸራው ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን መስመር ዙሪያውን እመረምራለሁ፤ ስንጥቅ ወይም ክፍተት ካየሁ እመልሰዋለሁ።

ዲስኩም አብሮ ይለካል። ዝቅተኛው ውፍረት ብዙ ጊዜ ራሱ ዲስኩ ላይ በሚሊሜትር ተቀርጿል፤ የእኔ ከዚያ በታች ስለወረደ ርካሹ ሸራ አዲስ ዲስክ አስገዝቶኛል። አሮጌውን ሲያወጡ አቧራውን በአየር ማራገፍ ወይም በአፍ እፍ ማለት አይገባም፤ ምንነቱ ባልታወቀ ሸራ ውስጥ ለሳንባ አደገኛ የሆነው አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

አዲሱ ሸራ ከገባ በኋላ ሸራውን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውስጥ ስለተመለሰ የመጀመሪያው ጭበጣ ባዶ ነው፤ እጀታው እስኪጠነክር ድረስ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ደጋግሞ መጨበጥ ያስፈልጋል። ከዚያም ሸራና ዲስክ እስኪላመዱ ድረስ ሜዳ መንገድ ላይ በመካከለኛ ፍጥነት፣ በመሐሉ እያበረዱ፣ ሃያ ጊዜ ያህል በቀስታ መያዝ ነው። እኔ ይህን ቅዳሜ ጠዋት መኪና ሳይበዛ ጨርሼ፣ ወደ እንጦጦ የወጣሁት በማግሥቱ ነው።