እንደ ወለላ የጠራው ፕላዝማ

ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ የመካንነት ሕክምና ክፍል የሆነ ነው። ከቡሬ የመጣች የ34 ዓመት ሴት የማህፀን ሽፋንን የሚያወፍረውን ኢስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ከጀመረች 12ኛ ቀኗ ነው፤ የማህፀኗ ውስጠኛ ሽፋን ግን 5.8 ሚሊ ሜትር ላይ ቆሟል። ፅንስ ለማስገባት ብዙውን ጊዜ ቢያንስ 7 ይፈለጋል። ስለዚህ ከገዛ ደሟ ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሕዋስ) የበዛበት ፕላዝማ፣ ማለትም ፒአርፒ፣ ተዘጋጅቶ ማህፀኗ ውስጥ እንዲጨመርላት ተወሰነ።

2 ሚሊ ሊትር ኤሲዲ-ኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ) በያዘ ስሪንጅ 18 ሚሊ ሊትር ደም ተቀዳ። ለሲቢሲ (ለተለመደው የደም ሕዋሳት ቆጠራ) የምንጠቀምበት ቲዩብ ለዚህ አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ የተባለ ሌላ ፀረ-መርጋት ፕሌትሌቱን ያሳብጠዋል። ቴክኖሎጂስቱ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈው መመሪያ በደቂቃ 1500 ዙር ለ10 ደቂቃ አሽከረከረ፤ ከላይ ያለውን ፕላዝማ ቀድቶ ደገመው።

የወጣው እንደ ወለላ የጠራ ነበር። ሊያስደነግጥ የሚገባውም ይኸው ነው። ደህና ፒአርፒ ቲዩቡን ወደ ብርሃን ይዘው ቀስ ብለው ሲያዘነብሉት ውስጡ እንደ ጭስ ይጥመለመላል። ሐኪሟ «ሳይቆጠር አልጨምርም» አለች። ሲቆጠር በማይክሮ ሊትር 210,000 ፕሌትሌት ሆነ፤ የሴትዮዋ ደም ግን ገና ሲቀዳ 240,000 ነበረው። አራት እጥፍ የተጠበቀው ከመነሻውም አነሰ።

ጥፋቱ ከወረቀቱ ነው። መመሪያው የተጻፈው ለአሮጌው ሴንትሪፊውጅ (ደም አሽከርካሪ ማሽን) ነበር፤ የዚያ ራዲየስ 9 ሴንቲ ሜትር፣ የአዲሱ 18። ኃይሉ የሚገኘው ራዲየሱን በ0.00001118፣ ከዚያም በዙሩ ስኩዌር በማባዛት ነው። ስለዚህ ያው 1500 ዙር በአሮጌው 226 ጂ (የመሬት ስበት 226 እጥፍ)፣ በአዲሱ 453 ጂ ይሰጣል። የመጀመሪያው ማሽከርከር ቀይ ሕዋሱን ብቻ አውርዶ ፕሌትሌቱን ላይ ማስቀረት ነበረበት፤ ኃይሉ ሲበዛ ፕሌትሌቱም አብሮ ወርዶ ከነጭ ሕዋሳቱ ስስ ንጣፍና ከቀዩ ደም ጋር ቀረ።

«ሲስተር፣ ደሜ ቀጥኖ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«አይደለም እህቴ፣ ስህተቱ የእኛ ነው። ከፈቀድሽ እንደገና እንቀዳለን።»

ፈቀደች። አሁን በ1060 ዙር፣ ፍሬን ሳይያዝ፤ ማሽኑ ድንገት ሲቆም የተለየው ይደባለቃልና። ሁለተኛው ማሽከርከር በ500 ጂ ለ10 ደቂቃ ሆነ። ከላይ ያለው ፕላዝማ ተወግዶ ከታች ከዝቃጩ ጋር 1.2 ሚሊ ሊትር ቀረ፤ በዝግታ ተነቃነቀ እንጂ አልተናጠም፣ ፍሪጅም አልገባም። ቆጠራው 980,000 አለ። 0.7 ሚሊ ሊትሩ በቀጭን ካቴተር (ቱቦ) ማህፀኗ ውስጥ ገባ።

በሦስተኛው ቀን ሽፋኑ 7.1 ደረሰ፤ ፅንሱም በቀጠሮው ገባ። ሐኪሟ ግን ለባልና ሚስቱ ሳትሸሽግ ነገረቻቸው፦ ሽፋኑን ያወፈረው ፒአርፒው ይሁን የተጨመረው የኢስትሮጅን ቀን በአንዲት ሴት ላይ መለየት አይቻልም፤ ሕክምናው ልጅ ለመውለድ ያለው ጥቅምም ገና ያልጠራ ነው። የግድግዳው ወረቀት በዚያው ቀን ተቀደደ። በአዲሱ ላይ ዙር የለም፤ ጂ፣ የየማሽኑ ራዲየስና ከመጨመሩ በፊት የሚሞላ የፕሌትሌት ቆጠራ ሣጥን ብቻ።