«የሚያጣላንን አትላኪ»

በምሠራበት ጤና ጣቢያ የላቦራቶሪው ግድግዳ ላይ በፕላስቲክ የተሸፈኑ ሦስት ወረቀቶች ተለጥፈው ነበር። የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) የአክታ ምርመራችን የውጭ ጥራት ቁጥጥር ውጤቶች ናቸው፤ ሦስቱም «መቶ በመቶ» ይላሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር አለቃችን በቅድሚያ የሚያሳየው እነርሱን ነበር። በየሩብ ዓመቱ ስላይዶቹን፣ አክታ የተቀባባቸውን መስታወቶች፣ ከሳጥን አውጥቼ የማዘጋጀው እኔ ስለነበርኩ ያ መቶ እንዴት እንደተገኘ አውቃለሁ።

ሥራው ላይ ያላችሁ አካሄዱን ታውቁታላችሁ። ከመዝገቡ በየተወሰነ ቁጥር እየዘለሉ ስላይድ ይመረጣል፤ ክልል ላይ ያለው ባለሙያ የእኛን ውጤት ሳያውቅ እንደገና ያነበዋል፤ ካልተስማማን ሦስተኛ ሰው ይዳኛል። እኛ ዘንድ ግን ከመላኩ በፊት አለቃችን የመረጥኳቸውን ይዞ ማይክሮስኮፑ ላይ ይቀመጣል። ሦስት ፕላስ የሆኑትን፣ ማለትም በአንድ ፊልድ (ማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ በሚያሳየው ክብ) ከ10 በላይ ባሲል (የቲቢ ባክቴሪያ) የሚታይባቸውን፣ ወደ አንድ ወገን ያደርጋል፤ ጥርት ያሉ ኔጌቲቮችን ይጨምርባቸዋል። በ100 ፊልድ ከ1 እስከ 9 ባሲል ብቻ የተገኘባቸው፣ ቅባቸው የወፈረ፣ ቀለማቸው የሚያጠራጥር ሁሉ ወደ ሳጥናቸው ይመለሳሉ። «የሚያጣላንን አትላኪ» ይለኝ ነበር። ስህተት የሚገኘው ደግሞ በሚያጣሉት ውስጥ ነው። ሦስት ፕላስ ማን ይስታል?

እኔም እሺ ብዬ እልክ ነበር። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም።

በአራተኛው ሩብ ዓመት ስላይድ ላኩ የሚል ደብዳቤ በመምጣት ፈንታ አንድ ሸበቶ ባለሙያ ራሳቸው መጡ። አለቃችን ለስብሰባ ወረዳ ሄዷል። «ልጄ፣ መዝገቡንና ሳጥኖቹን አምጪልኝ» አሉኝ። እስክሪብቷቸውን በመዝገቡ መስመሮች ላይ እያስኬዱ ቆጠሩ፤ 20 ስላይድ በእጃቸው አወጡ፤ በስስ ወረቀት እየጠቀለሉ ይዘው ሄዱ። እጄ ላብ በላብ ሆኖ እንደነበር ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ሳምንት ተመልሰው መጡ። ሰላምታ ሰጥተው ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አንድ ስላይድ ማይክሮስኮፑ ላይ አኖሩ፤ ዘይት ጠብ አደረጉበት፤ ሌንሱን አስተካክለው ወንበሩን ለቀቁልኝ።

«ነይ እስኪ፣ አንቺው እዪው።»

አየሁ። ሰማያዊ ብቻ ነው። ፊልዱን አንቀሳቀስኩ፤ አሁንም ሰማያዊ። «ቀስ በይ፣ ወደ ቀኝ» አሉኝ። ከዚያ ታየኝ። ሰማያዊው ውስጥ የተጋደመች፣ ትንሽ ጎበጥ ያለች ቀይ ዘንግ። ከአጠገቧ ሌላ። ሁለት ፊልድ አልፌ ሌላ። ስላይዱ ላይ ያለው ቁጥር የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፤ መዝገቡ ላይ «ኔጌቲቭ» ብሎ የፈረመውም የእኔ እጅ ነው።

«አንድ ፕላስ ነው፤ ሦስተኛውም ሰው ተስማምቷል» አሉኝ። «ስንት ፊልድ አይተሽ ነበር?»

«መቶ።»

ዝም ብለው ተመለከቱኝ። አልተቆጡም፤ ተቆጥተው ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

«አርባ ይሆናል፣ ጋሼ» አልኩ።

«በዚያን ቀን ስንት ስላይድ ነበረሽ?»

መዝገቡን ገልጠን ቆጠርን። 37። ጓደኛዬ ወሊድ ላይ ስለነበረች ብቻዬን ነበርኩ። አንድ ሰው በቀን ከ20 እስከ 25 ስላይድ በላይ እንዳያነብ የሚመከረው ዓይን ስለሚደክም ነው። 100 ፊልድ በወጉ ለማየት ቢያንስ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ያንን በ37 አባዙት፤ ማቅለሙን፣ ወባውን፣ ሰገራውን፣ ሽንቱን ጨምሩበት።

እሳቸው ግን በዚህ አላበቁም። ወደ ማቅለሚያው ጠረጴዛ ሄደው የስላይዱን መደብ ሰማያዊ የሚያደርገውን የሜቲሊን ብሉውን ጠርሙስ አነሡ። የተዘጋጀበት ቀን አልተጻፈበትም። ስንት ደቂቃ እንደምናቆየው ጠየቁኝ፤ በግምት እንደሆነ ነገርኳቸው። ሰማያዊው ሲበዛ ቀዩን ይሸፍነዋል፤ ለዚህ ነው እኔም ለማየት ያን ያህል የተቸገርኩት። አዲስ ሪጀንት (የማቅለሚያ ኬሚካል) ስንከፍት ውጤቱ በታወቀ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስላይድ እንፈትን እንደሆነም ጠየቁኝ። አንፈትንም ነበር። በሦስት መቶ በመቶዎች ዘመን ይህን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ሁሉንም ቅጹ ላይ ጻፉት፤ የእኔን ስም ግን አልጻፉም።

ከሰዓት አለቃችን መጣ። ወረቀቱን አነበበ፦ ከ20 ስላይድ በሁለቱ አልተስማማንም፤ አንደኛው የእኔ ነው። ወደ እኔ ዞሮ በእንግዳው ፊት «አንቺ ልጅ፣ መቶ የነበረውን ዘጠና አደረግሽው። ጤና ጣቢያውን አሰደብሽ» አለኝ።

መልስ የሰጡት እሳቸው ናቸው። «ስህተቱ ባለፈው ሩብ ዓመትም ነበረ፤ እኔ ዘንድ አልመጣም እንጂ።»

አለቃችን ሰምቶ ወጣ። ጥቂት ቆይቶም ሦስቱን ወረቀቶች ባሉበት ትቶ አራተኛውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛውሯል፤ ዛሬ የሌሎችን ጥራት የሚገመግም እሱ ነው። ስሰማ ያመኛል።

እኛ ግን ሥራችንን ለወጥን። ጠርሙስ ሁሉ ቀን ተጻፈበት፤ ለማቅለሚያው ሰዓት ተገዛ፤ ስላይድ ሲበዛ ሁለተኛ ሰው እንዲመደብ በጽሑፍ ጠየቅን፤ ከብዙ ምልልስ በኋላም ተመደበልን። በቀጣዩ ሩብ ዓመት ውጤታችን መቶ አልነበረም፤ በከፊል ያልተስማማንባቸው ስላይዶች ነበሩ። ያንን ወረቀት ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ዛሬ ለብዙው ታማሚ መጀመሪያ የሚታዘዘው የቲቢውን ዘረመል በመሣሪያ የሚፈልገው ጂንኤክስፐርት ነው፤ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውጤት ይሰጣል። ያን ጊዜ «ኔጌቲቭ» ላልኩት ታማሚ የነበረው ግን የእኔ ዓይን ብቻ ነበር። ዕድሜው 27፣ ሥራው የቀን ሠራተኛ ይላል መዝገቡ። ያኔውኑ ስልኩን ደወልን፤ አይሠራም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ተከራየበት ቤት ሄደች፤ አከራይቱ ሳሉ ሲጠናበት ጊዜ ወደ አገሩ ሄደ፣ የት እንደሆነ አላውቅም አለቻት። ወደ አንድ የገጠር ቤት፣ ወደ እናቱ ይሆናል፣ ምናልባት ሕፃናት ወዳሉበት።

ፖዘቲቭ ውጤት መዝገብ ላይ የሚጻፈው በቀይ ቀለም ነው። በሰማያዊ የጻፍኩትን «ኔጌቲቭ» በአንድ መስመር ሰርዤ ከጎኑ በቀይ አንድ ፕላስ ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑን አስፍሬ ፈረምኩ። የአስተያየት ዓምዱ ላይ ደግሞ «አልተገኘም» ብዬ ጻፍኩ።