መለያው ሳይገነጠል ሻንጣዬ ክፍሌ በር ደረሰ

በመዝናኛ መርከብ ለመጓዝ ያሰቡ ወዳጆቼ ስለ ምግቡ፣ ስለ ክፍሉ፣ ስለ ማዕበሉ ይጠይቁኛል። ስለ ሻንጣ መለያ ወረቀት የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። እኔ ደግሞ ከመሳፈሬ በፊት ከሁሉም በላይ ያሰብኩት ስለዚያች ብጣሽ ወረቀት ነበር። ወደብ ላይ ሻንጣዬን ለተሸካሚዎች ካስረከብኩ በኋላ መልሼ የማገኘው ክፍሌ በር ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሻንጣው የማን እንደሆነ የምትናገርለት እሷ ብቻ ናት።

ኩባንያዎቹ ባብዛኛው መለያውን የሚሰጡት በኢንተርኔት ነው። አውርዶ ማተም የተጓዡ ፋንታ ነው። ወረቀቱ ላይ ስም፣ የመርከቡ ስም፣ የሚነሳበት ቀንና የክፍል ቁጥር ይሰፍራል። ብዙ ጊዜ ባርኮድም አለው። ሻንጣው ከእጃችን ሲወጣ ጋሪ ላይ ይጫናል፣ በኤክስሬይ ያልፋል፣ ከሌሎች ጋር ተደራርቦ መርከብ ውስጥ ይገባል፣ በየፎቁ ተለይቶ በየበሩ ይቀመጣል። ትልልቆቹ መርከቦች ላይ ይሄ ሁሉ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሻንጣዎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ሠራተኛው ቆም ብሎ "ይቺ ወረቀት ልትገነጠል ነው" የሚልበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ወረቀቷ በራሷ መቻል አለባት።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ህትመቱ ነው። በቀለም አሳተምኩት፤ አንዳንድ ኩባንያዎች ሻንጣው ወደየትኛው የመርከቡ ክፍል እንደሚሄድ በቀለም ነውና የሚለዩት። ሌዘር ፕሪንተር መረጥኩ። ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው የተለመደው ፕሪንተር ያተመው ውሃ ሲነካው ሊፈስ ይችላል፣ ወደብ ላይ ደግሞ ዝናብ ቢመጣ ሻንጣው ሜዳ ላይ ሊቆም ይችላል። ካተምኩ በኋላ በተሰመረው መስመር አጠፍኩት። አጥፋችሁ ስትጨርሱ ባርኮዱና የክፍል ቁጥሩ በውጭ በኩል መታየታቸውን እዩ። የክፍል ቁጥሩንም ከቦታ ማስያዣችሁ ጋር አመሳክሩ። ክፍሉ በኋላ የሚመደብበት ዓይነት ቦታ የያዘ ሰው፣ ወይም ክፍሉ የተሻሻለለት ሰው፣ አሮጌውን ወረቀት ጥሎ አዲስ ማተም አለበት።

ከዚያ ወደ ማሰሪያው መጣሁ። የኩባንያው መመሪያ የሚለው አጥፋችሁ እጀታው ላይ አዙሩትና በስቴፕለር ምቱት ነው። ይሠራል፣ ግን ሲጎተት የሚቀደደው ስቴፕለሩ በበሳው ቦታ ነው። ቤት ውስጥ አስሬ በኃይል ሳብ ሳደርገው በቀላሉ ተላቀቀ። በዚሁ መንገድ መሄድ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ወረቀቱን ሙሉ በሙሉ በሰፊ ግልጽ ስኮች ይሸፍን፣ ከዚያ ብዙ ቦታ ላይ በስቴፕለር ይምታ። ስኮቹ ባርኮዱ ላይ ሲያልፍ እንዳይጨማደድ ብቻ ይጠንቀቅ።

ላሚኔት ማድረግም፣ ማለትም ወረቀቱን በፕላስቲክ ማሸግ፣ ጥሩ ነው። ሰዎች የሚረሱት ግን ቀዳዳውን ነው። ወረቀቱን ራሱን ከበሳችሁት ውሃ በዚያ ይገባል፣ ከዚያም እዚያው ላይ ይቀደዳል። በዙሪያው ሰፋ ያለ ባዶ ፕላስቲክ አስተርፉና ቀዳዳውን እሱ ላይ አድርጉት።

እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት ግልጽ የፕላስቲክ ኪስ ነው። ወረቀቱ ታጥፎ እሱ ውስጥ ይገባል፣ አፉ ይዘጋል፣ ቀዳዳው ደግሞ ወፍራም ነው። ያሰርኩትም ኬብል በሚታሰርበት፣ ሲሳብ በሚጠብቀውና ወደ ኋላ በማይመለሰው የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው። እሱን እስከ መጨረሻው አላጠበቅኩትም፣ ለቅቄም አልተውኩትም። በጣም ከጠበቀ መለያው ተጣብቆ ይቀርና አይገለበጥም፤ በጣም ከላላ ደግሞ ቀለበቱ ከሌላ ሻንጣ ወይም ከጋሪው ብረት ጋር ይያያዛል። አንድ ጣት የሚያስገባ ያህል ቦታ ይበቃል። የተረፈውን ጫፍ ቆርጬ ጣልኩት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ለውጥ ያመጣው ግን ያሰርኩበት ቦታ ነው። ምርጥ ማሰሪያ በመጥፎ ቦታ ላይ ዋጋ የለውም። እየተሳበ በሚወጣው ረጅም እጀታ ላይ አታስሩ፤ ወደ ውስጥ ሲገፋ መለያውን ይቆርጠዋል ወይም ራሱ አልገባም ይላል። ዚፕ መሳቢያ ላይም አይሆንም። መለያው ሲጎተት ዚፑም አብሮ ሊከፈት ይችላል። የሚሻለው ላይ ያለው የማይንቀሳቀስ እጀታ ነው። እሱም ቢሆን መሃሉ ላይ ሳይሆን ከሻንጣው ጋር በሚገናኝበት ሥሩ ላይ። ተሸካሚው ሻንጣውን የሚያነሳው የእጀታውን መሃል ይዞ ነው። መሃል ላይ ያሰራችሁት ወረቀት በእያንዳንዱ ማንሳት በሰው መዳፍ ውስጥ ይጨማደዳል።

ሁለተኛው ነገር ጊዜው ነው። ወደ ወደቡ የምትሄዱት በአውሮፕላን ከሆነ የመርከቡን መለያ ከበረራ በፊት አታስሩ። የአየር ማረፊያ ማመላለሻ ቀበቶ ለዚህ ዓይነት ወረቀት አይራራም። እኔ ወረቀቱን፣ ኪሱንና ማሰሪያውን በእጅ ሻንጣዬ ያዝኩና ከበረራው በኋላ፣ ከመሳፈሬ በፊት በነበረው ምሽት አሰርኩት። የአየር መንገዱን መለያ፣ ጎን ላይ የምትለጠፈዋን ትንሿን ባርኮድ ሳይቀር፣ ላጥኩት። ጥፍር መቁረጫም ያዙ። ያ ፕላስቲክ ማሰሪያ በእጅ አይፈታም፣ መርከብ ላይ ደግሞ መፍታት ይመጣል።

ለክፉ ቀን ብዬ ሻንጣው ውስጥ ከልብሶቹ ላይ ሌላ ወረቀት አኖርኩ። ስሜ፣ ስልኬ፣ የመርከቡ ስም፣ ቀኑና የክፍል ቁጥሬ አለበት። መለያው ቢጠፋ እንኳ የሚከፍተው ሰው ያገኘዋል። የሻንጣውን ፎቶም በስልኬ አነሳሁ። "ጥቁር ነው፣ መካከለኛ" ብሎ ማስረዳት ከጠፉት መሃል ግማሹን መግለጽ ነው። የቤት አድራሻዬን ግን በውጭ በኩል አልጻፍኩም። ቤቴ ባዶ መሆኑን ለማያውቁኝ ሁሉ ማስታወቅ ምን ይጠቅመኛል?

ማተሚያ ያጣችሁ ወይም መንገድ ላይ የተቀደደባችሁ አትደንግጡ። ወደብ ላይ ያሉት ተሸካሚዎች ባብዛኛው ባዶ መለያና ስቴፕለር አላቸው፤ የክፍል ቁጥራችሁን ነግራችሁ በእጅ ይጻፋል። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ገንዘብና ለመጀመሪያዋ ምሽት የሚሆን ልብስ ግን ምንም ዓይነት መለያ ቢኖር ከእጅ ሻንጣ አይውጣ። ሻንጣው ከእራት በኋላ ሊደርስ ይችላል።

የኔ ሳይዘገይ መጣ፣ መለያውም እንዳሰርኩት ነበር። ከኮሪደሩ ማዶ ያለ ጎረቤቴ ግን የሱ ሻንጣ ሲዘገይበት "ወረቀቱ ተቀዶ ነው" እያለ ሲብሰለሰል አመሸ። ለካ የልብስ ካውያ አስገብቶ ፍተሻው ላይ ተይዞበት ነበር። በብዙ መርከቦች ካውያና ሻማ በእሳት አደጋ ምክንያት ይከለከላሉ። እንደዚህ ያለ ነገር የተገኘበት ሻንጣ ባለቤቱ እስኪመጣ ይቆማል። ለማንኛውም ሻንጣ ከቀረባችሁ የእንግዶች አገልግሎት ጋ ጠይቁ፤ መለያ የሌላቸውም የት እንደተሰበሰቡ ይነግሯችኋል።

የመጨረሻው ምሽት ላይ ሌላ መለያ ይሰጣችኋል። የቁጥር ወይም የቀለም ነው፤ ሲወርዱ ሻንጣው በዚያ ተለይቶ አዳራሽ ውስጥ ይደረደራል። ጥፍር መቁረጫው የሚፈለገው እዚህ ጋ ነው፤ አሮጌውን ቆርጣችሁ አዲሱን እዚያው እጀታው ሥር እሰሩት። ሻንጣው በተነገረው ሰዓት በር ላይ መውጣት ስላለበት የነገ ልብሳችሁንና ጫማችሁን አስቀሩ። ሁሉንም ጠቅልሎ አውጥቶ ጠዋት በፒጃማ የቀረ ሰው ታሪክ መርከብ ላይ የማይሰማ ቀልድ አይደለም።

ሻንጣችሁ ትንሽ ከሆነና ራሳችሁ መጎተት ከቻላችሁ ግን በብዙ መርከቦች ይዛችሁት መውረድ ይፈቀዳል። ያኔ መለያ አያስፈልጋችሁም፣ ከቀደሙት ወራጆች ጋርም ትወጣላችሁ። ደረጃ መውረድ ሊኖር ስለሚችል ብቻ ክብደቱን አስቡበት።