የእናቴ ስለት፦ የቁልቢ ጉዞ ማስታወሻ

«ስለት አለብኝ፤ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቁልቢ እወርዳለሁ።» እናቴ ይህን ከተናገረች በኋላ ስለቱ ስለ ምን እንደ ሆነ የጠየቃት ሰው አልነበረም። በቤታችን ሰው የተሳለውን ነገር መጠየቅ የሌላውን ደብዳቤ ከፍቶ እንደ ማንበብ ይቆጠራል።

አለመጠየቃችን ግን ከመገመት አላገደንም። አባቴ ባለፈው ክረምት የዓይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶላቸው የግድግዳውን ሰዓት ከአልጋቸው ላይ ሆነው ማንበብ ስለ ጀመሩ፣ ነገሩ የእርሳቸው ለመሆኑ ጥርጥር አልነበራቸውም። እህቴ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ያገኘቻትን ሕፃን አዝላ ቆሎና ዳቦውን ስታሰናዳ ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ «ይህማ ግልጽ አይደለም ወይ?» የሚል ነበር። እኔም ከተመረቅሁ በኋላ ያለ ሥራ የተቀመጥሁበትን ዘመንና በመጨረሻ ስቀጠር እናቴ ያቀለጠችውን እልልታ እያስታወስሁ፣ በወርቅማ ክር ተጠልፎ በላስቲክ የተጠቀለለውን ጃንጥላ በልቤ ለራሴ መድቤው ነበር። ስለቱ የእኔ ነው ብሎ ያላሰበው መኪናውን የሚነዳልን የአባቴ ታናሽ ወንድም ብቻ ነው፤ «እኔ ሹፌር ነኝ እንጂ ባለስለት አይደለሁም» እያለ ጎማውን ሲፈትሽ አረፈደ።

ከጃንጥላው ሌላ በእናቴ ቦርሳ ውስጥ በየጫፉ የተቋጠረ አንድ መሐረብ ነበር። መሄዷን የሰሙ የሠፈራችን እናቶች የየራሳቸውን ስለት በእርሷ እጅ ልከው ስለ ነበር፣ ከእያንዳንዱ ገንዘብ ጋር የላኪዋ የክርስትና ስም የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ታጥፎ ተቀምጧል። አንዷ ጉልበቷ ሽሎላት፣ አንዷ ልጇ ከስደት ድምፁን አሰምቷት፣ አንዷ ደግሞ ቤቷን ለቅቃ እንድትወጣ የነገሯት አከራይዋ ሐሳባቸውን ለውጠውላት ነው። እናቴ የሰዎቹን ምሥጢር አልነገረችንም፤ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ላኪዎቹ ራሳቸው በራችን ላይ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው ሲያወሩት ነው።

ጉዞው ገና ከከተማ ሳንወጣ በክርክር ተጀመረ። አባቴ በአሮጌው መንገድ፣ በቢሾፍቱና በሞጆ በኩል፣ ከተሞቹን እያዩ መሄድን መረጡ፤ አጎቴ ደግሞ ለፈጣኑ መንገድ ከፍሎ ወደ አዳማ መሮጥን። «ጋሼ፣ አሮጌው መንገድ ትዝታ እንጂ አስፋልት የለውም» አለና ሳያስፈቅድ ወደ ክፍያው በር ታጠፈ። አባቴ እስከ አዳማ ድረስ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ነገር ግን ኩርፊያቸው ለሁላችንም እንዲሰማን አድርገው ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሁለቱን ራሶች ጎን ለጎን እያየሁ ነበር። ይህ በልጅነቴ ያላየሁት ነገር ነው፤ ለምን እንዳላየሁትም በቤታችን ብዙ አይወራም ነበር።

ከአዳማ በኋላ መንገዱ አንድ ስለ ሆነ ለክርክር የሚሆን ነገር ጠፋ፤ እነርሱ ግን አላጡም። መተሐራን ከማለፋችን በፊት በፈንታሌ ተራራ ግርጌ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳውን ሸፍኖታል፤ ከዚያ የበሰቃ ሐይቅ መንገዱን ከግራና ከቀኝ አቅፎ ይገኛል። ሐይቁ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት እየሰፋ ስለ መጣ የቀድሞው መንገድና የባቡር ሐዲድ ከፍ ተደርገው እንደ ገና መሠራት ነበረባቸው። አባቴ ውኃው በወጣትነታቸው እስከ የት ድረስ እንደ ነበረ በጣታቸው ሲያሳዩ አጎቴ ሌላ ቦታ አሳየ፤ ሁለቱም የሚያሳዩት ሥፍራ በውኃ ውስጥ ስለ ሆነ ዳኛ የሚሆን አልተገኘም። አዋሽን ተሻግረን አሰቦት ስንደርስ እናቴ ገዳሙ ወዳለበት ተራራ ፊቷን መልሳ አማተበች፤ ለአፍታም ቢሆን የፊተኛው ወንበር ጸጥ አለ።

ከሚኤሶ በኋላ ቆላው ይቀርና መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች ይወጣል። በአሰበ ተፈሪ ዳገት መኪናው ሲያቃስት፣ እርከን በእርከን የተሠራውን የገበሬ ማሳ፣ የታጨደውን የማሽላ አገዳና አረንጓዴውን የጫት ተክል ከላይ ሆነን ተመለከትን። በዚህ አካባቢ በእግራቸው የሚሄዱ ምእመናን እየበዙ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያ ወይም ተራ ዱላ ይዘው፣ አንዳንዶቹ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በመንገዱ ዳር ይተማሉ። ከአዲስ አበባ ጀምረው ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በእግር የሚመጡ እንዳሉ እሰማ ነበር፤ በመኪና ተቀምጦ «ወገቤን አመመኝ» ማለት የሚያሳፍረው እነርሱን ሲያዩ ነው። እህቴ ውኃና ዳቦ በመስኮት ስትሰጣቸው አንድ ሽማግሌ ተቀብለው መረቁንና፣ ሹፌሩን ዓይተው «ቀስ በል ልጄ፤ ገብርኤል የትም አይሄድም» አሉት። አባቴ ከአዳማ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልባቸው ሳቁ።

ጨለንቆ ስንደርስ አባቴ ታሪክ ያዙ። በ1879 ዓ.ም. የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ያደረጉት በዚህ ሥፍራ ነው፤ ከዚያም የሐረርን አገር እንዲያስተዳድሩ የአክስታቸውን የተናኘ ወርቅን ልጅ መኮንንን ሾሙ። ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ቅዱስ ገብርኤልን ተማጽነው፣ በ1888 ዓ.ም. ከተገኘው ድል በኋላ ስለታቸውን ለመክፈል በቁልቢ ኮረብታ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል። እርሳቸውም በ1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት በዚያው በቁልቢ ነው። ዛሬ የሚታየው ትልቁ ሕንጻ በልጃቸው በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ነው። የጦር አዝማች ስለትና የእናቴ ጎረቤት የጉልበት ስለት በአንድ ደጅ መገናኘታቸው፣ ቁልቢን ከሌሎች ደብሮች ይልቅ እንድወደው ያደረገኝ አንዱ ነገር ነው።

ዋዜማው ማምሻ ላይ ስንደርስ መኪናውን ራቅ አድርገን አቁመን ዳገቱን በእግር ያዝነው። የቁልቢን ብርድ የሰማ እንጂ የቀመሰ ብዙ አይደለም፤ ጋቢ ደርበን እንኳ ጥርሳችን ይገጫጭ ነበር። ከፊታችን አንድ ጎልማሳ ከባድ ድንጋይ በጀርባው አዝሎ እያለከለከ ይወጣል፤ ወጣቶች ሊያግዙት ሲሞክሩ በእጁ ምልክት ይመልሳቸዋል። ለምን እንደ ተሸከመው እርሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። አጎቴ ሕዝቡን እያየ «እትዬ፣ ጌታ ካነጻቸው ዐሥር ለምጻሞች አንዱ ብቻ ነው ለምስጋና የተመለሰው ይላል አይደል? ዘጠኙ እንዲህ ያለ ዳገት አጋጥሟቸው ይሆናል» አለ። እናቴ «አንተ ቀልድ፤ አንዱም የመጣው በዳገቱ ነው» ብላ አለፈችው።

ታኅሣሥ 19 ቀን ቅዱስ ገብርኤል አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከናቡከደነፆር እሳት ያወጣበት መታሰቢያ ሲሆን፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ሕፃኑ ቂርቆስና እናቱ ኢየሉጣ ከፈላው ውኃ የዳኑበት ይከበራል። ሁለቱም በዓላት የመዳን በዓላት ስለ ሆኑ ይመስለኛል የዳነ ሁሉ ወደዚህ የሚመጣው። ስለትን ከእግዚአብሔር ጋር እንደ መነገድ የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ፤ «ይህን ብታደርግልኝ ይህን እሰጥሃለሁ» ማለት ውል እንጂ እምነት አይደለም ይላሉ። ነቀፋው ጨርሶ ሐሰት ነው አልልም፤ ጃንጥላውን ከጎረቤቷ ጃንጥላ ጋር በዓይኗ የምትለካ ሴት በዚያች ሌሊት ራሴ አይቻለሁ። ነገር ግን የሳሙኤል እናት ሐናም በቤተ መቅደስ አልቅሳ ተስላለች፤ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያየው ካህኑ ዔሊም ሰክራለች ብሎ ገሥጿታል። ልጁን ካገኘች በኋላ ስጦታዋን ይዛ መምጣቷንና የዘመረችውን መዝሙር ሳስብ፣ በዚያ ውስጥ የነጋዴ ድምፅ አልሰማም። የተቸገረ ሰው በጭንቁ ጊዜ የሚናገረውን ቃል በሂሳብ መርማሪ ዓይን ማየት ደግነት አይመስለኝም። የሚያስገርመኝ ቃሉ ሳይሆን፣ ጭንቁ ካለፈ በኋላ ማስታወሱ ነው።

ሌሊቱን ማኅሌቱ እየተቆመ፣ በድምፅ ማጉያው ደግሞ የስለቱ ዝርዝር በየመሐሉ ይሰማ ነበር። ልጅ ያገኘች፣ ከእስር የተፈታ፣ ከመኪና አደጋ የተረፈ፣ ትምህርቱን የጨረሰ። ከእነዚህ ታላላቅ ጉዳዮች መካከል «የጠፋችብኝ ላም ተመልሳልኝ» የሚል ሲሰማ ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ፤ ወዲያው ደግሞ ለላሟም እንደ ሌሎቹ ሁሉ እልል አለላት። ይህ ሳቅ የበዓሉን ክብር የነካው አልመሰለኝም። ላሟ የልጆቹ ወተት ብትሆንስ?

ሊነጋ ሲል ስለት ወደሚቀበሉበት ሥፍራ ተሰለፍን። ከፊታችን የነበረችው ሒጃብ የለበሰች ወጣት ሴት ነበረች፤ ሻማዋን አስረክባ፣ የሰጧትን ደረሰኝ አጥፋ ይዛ ሄደች። በዚህ አገር ሙስሊሞችም ለቁልቢ ገብርኤል ስለት ማምጣታቸው የቆየ ነገር ስለ ሆነ ማንም ዞሮ አላያትም። እናቴ በመጀመሪያ መሐረቡን ፈታች። የላኪዎቹን ስም አንድ በአንድ እያስጻፈች፣ ለእያንዳንዷ ደረሰኝ እየተቀበለች ስትቆይ ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከዚያ ጃንጥላውን ከላስቲኩ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ስለቱ የማን ነው?» አለ ዲያቆኑ ቀና ሳይል።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እህቴ ሕፃኗን ከጀርባዋ ወደ ፊቷ አዞረቻት። እኔም ኮሌታዬን ማስተካከሌ አልቀረም። እናቴ ግን የሁለት ወንድማማቾችን የክርስትና ስም ሰጠች፦ የአባቴንና የአጎቴን። በአያቴ ቤት ውርስ ተጣልተው ለዓመታት በልቅሶ ቤት እንኳ ተራርቀው ይቀመጡ እንደ ነበር፣ ባለፈው ፋሲካ ሽማግሌ ገብቶ እንዳስታረቃቸው፣ እርሷም ያን ቀን ለማየት ለገብርኤል ጃንጥላ ተስላ እንደ ነበር፣ ወረፋው እስኪሰማ ድረስ ለዲያቆኑ አስረዳችው። ዲያቆኑ ይህን ሁሉ የሚጽፍበት ቦታ ደረሰኙ ላይ አልነበረውም፤ «ስለ ሰላም» ብሎ ጻፈ።

አባቴ ወደ መሬት አዩ። አጎቴ፣ ሲጨንቀው የሚቀልድ ሰው ስለ ሆነ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ ዞር ዞር አድርጎ ተመለከተውና «እትዬ፣ ለእኔና ለጋሼ ከሆነማ አንድ አይበቃም፤ ማን ይያዘው ብለን እንደ ገና እንጣላለን» አለ። አባቴ «እኔ እይዘዋለሁ፤ ታላቅ ነኝ» አሉ። ከኋላችን ሲያጉረመርም የነበረው ሰውዬም ሳቀ።

እህቴ ቅር እንዳላት በሚያስታውቅ ድምፅ «የእኛስ?» ስትል እናቴ ደረሰኞቿን እየቆጠረች መለሰችላት፤ «የእናንተማ ድሮ ተከፍሏል። የአንቺ ለሠፈራችን ቤተ ክርስቲያን ምንጣፍ ነበር፤ የአባታችሁን ዓይን በመጋረጃ ጨርሻለሁ።» የእኔን ስጠይቃት ትንሽ አሰብ አድርጋ «አንድ እስር ጧፍ» አለች። ለብዙ ዓመት ጭንቀቴ አንድ እስር ጧፍ እንደ በቃ መስማት ትሕትናን ያስተምራል፤ እህቴ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችልኝም።

ታቦቱ በካህናቱ ዝማሬና በሕዝቡ እልልታ ታጅቦ ወጥቶ ከተመለሰ በኋላ ዳገቱን ወረድን። መኪናው ተራ በተራ ከሚወጣው ሰልፍ እስኪላቀቅ ብዙ ጠበቅን። ደንገጎ ላይ መንገዱ ሲከፈል አባቴ «ወደ ሐረር፤ የራስ መኮንንን መቃብር ሳናይ አንመለስም» አሉ። አጎቴ «ወደ ድሬዳዋ፤ ከዚህ ብርድ በኋላ ሰውነታችን ሙቀት ይፈልጋል» አለ። መሪው በአጎቴ እጅ፣ ታላቅነቱ በአባቴ በኩል ስለ ነበር መኪናው በመገንጠያው ላይ ቆመ፤ ከኋላችን ያሉት ጡሩምባ ይነፉ ጀመር። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ መጣንበት ኮረብታ ዞረችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ገብርኤል ሆይ፣ እነዚህን ሁለቱን እስከ ማታ ዝም ካሰኘህልኝ ለሐምሌ ሌላ ጃንጥላ አመጣልሃለሁ» አለች።

አጎቴ ማርሽ አስገባና «ጋሼ፣ ዝም እንበል እንጂ፤ ጃንጥላ ተወዷል» አለ።