ያቺ የድሮ ዊንዶውስ ኤክስፒ ኮምፒውተር ፎርማት ከመደረጓ በፊት

ባለፈው ክረምት ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ያላቸው አንድ ጋሼ ደወሉልኝና "ልጄ፣ ኮምፒውተሬ አልነሳ አለኝ፣ የእድሩ መዝገብ እዛ ውስጥ ነው" አሉኝ። መብራት ሄዶ ተመልሶ ነበር፣ እሱም ሁለት ሶስቴ ቦግ ድርግም ካለ በኋላ። ስደርስ ጥቁር ስክሪን ላይ "ኤንቲኤልዲአር ኢዝ ሚሲንግ" ይላል፣ ዊንዶውስን የሚያስነሳውን ፋይል አጣሁት ማለቱ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። ከኔ በፊት መጥቶ ያየው ልጅ "ፎርማት መደረግ አለበት" ብሏቸው ሄዷል። እኔ ይቺን ቃል ስሰማ ሆዴ ይታወካል፣ ምክንያቱም የስንት ዓመት ስራ በአምስት ደቂቃ ሲጠፋ አይቻለሁ።

እንዳጋጣሚ የጋሼ ችግር ቀላል ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ አልቃለች፣ ስለዚህ መብራት ሲሄድ ሴቲንጉ ሁሉ ይጠፋና ኮምፒውተሩ ከየቱ ዲስክ መነሳት እንዳለበት ይረሳል፣ ከኋላ ደግሞ ፍላሽ ተሰክቶ ተረስቷል፣ እና ከፍላሹ ልነሳ እያለ ነው ያን ጽሑፍ የሚያወጣው። ፍላሹን ነቀልኩ፣ ባዮስ የሚባለው፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት ያለው ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ሃርድ ዲስኩን አስቀደምኩ፣ ተነሳ። ቀኑ በፈረንጆቹ 2002 ይላል። ቀኑን ቀላል ነገር አድርጋችሁ እንዳታዩት፣ ቀን ከተሳሳተ ደህንነቱ የተጠበቀ ድረገጽ ሁሉ አልከፍትም ይላል፣ ቢሮ ውስጥ የሁሉንም ሎጊን የሚቆጣጠር ዶሜይን ሰርቨር ካለ ደግሞ የሰዓት ልዩነቱ ከ5 ደቂቃ ሲበልጥ ፓስወርዱ ልክ ቢሆንም ሎጊን እምቢ ይላል። ሰው ፓስወርድ ሲቀያይር ይውላል፣ ጉዳዩ ግን የባትሪ ነው።

ተነሳልን ብላችሁ ግን ስራ እንዳትቀጥሉ። ኤክስፒ በፈረንጆቹ 2001 የወጣ ነው፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው ኤፕሪል 8 ቀን 2014፣ በላዩ ላይ ያለው ሃርድ ዲስክም አብሮ ያረጀ ነው። መጀመሪያ ኮፒ። የጋሼ ማሽን ከፍላሽ ልነሳ ብትልም ብዙ አሮጌ ማሽኖች ግን ይሄን አይችሉም፣ ስለዚህ እኔ ዲስኩን ፈትቼ በዩኤስቢ ማገናኛ ላፕቶፕ ላይ እሰካዋለሁ። ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምጽ ካለው ቼክ ዲስክ የሚባለውን ዲስክ መርማሪ ፕሮግራም እንዳትነኩት፣ ሊሞት ያለ ዲስክ ላይ እሱን ማስሮጥ የቀረችውን እድሜ መጨረስ ነው፣ መጀመሪያ ዋና ዋናውን ፋይል አውጡ። ፋይሉ የሚገኘው ዶክመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ የሚለው ፎልደር ውስጥ በየሰው ስም ነው፣ ከኤክስፒ ቀጥሎ ከመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ነው ዩዘርስ የሆነው። ዴስክቶፑንም አትርሱ፣ ሰዉ ሁሉንም እዛው ነው የሚደረድረው። መግባት አይቻልም ካላችሁ ኮንቲኒው በሉት፣ ላፕቶፑ ላይ አድሚን ከሆናችሁ ይከፍታል። ፍላሽ ላይ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ካያችሁ ደግሞ አትደንግጡ፣ ቫይረሱ ደብቆት ነው እንጂ አልጠፋም፣ ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ አትሪብ በሚባለው ትዕዛዝ የተደበቀው ይወጣል።

አሁን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር፣ ፎንቱ። የጋሼን ፋይሎች ላፕቶፑ ላይ ስከፍታቸው አማርኛው የለም፣ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዘባረቀበት ነገር ብቻ። እሳቸው ደነገጡ፣ "ተበላሸ ማለት ነው?" አሉ። አይደለም ጋሼ፣ ምንም አልሆነም አልኳቸው። ኤክስፒ የአማርኛ ፎንት ይዞ አልመጣም፣ ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ከቪስታ ጋር ነው የመጣው። ስለዚህ በዛን ጊዜ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈ ሁሉ በእንግሊዝኛው ፊደል ቁጥር ላይ የተቀመጠ የአማርኛ ስዕል ነው ማለት ይቻላል፣ ፎንቱ ከሌለ ስሩ ያለው እንግሊዝኛ ይታያል። አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ነበረው፣ ፊደላችን ደግሞ 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፣ ዲቃላውና ቁጥሩ ሲጨመር አልበቃ እያለ ነው አንዳንዶቹ በሁለት ፎንት የከፈሉት፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን በቁርጥራጭ የገጣጠሙት። እና መድኃኒቱ ምንድነው፣ ከድሮው ማሽን ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር እንዳለ ኮፒ አድርጋችሁ አዲሱ ላይ መጫን። ጫንኩት፣ ስሙ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ተመለሰ። ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ወደሚያነበው የፊደል አቀማመጥ፣ ወደ ዩኒኮድ፣ መቀየር በኋላ በእርጋታ የሚሰራ ነው። ፎንቱ ከዲስኩ ጋር ከጠፋ ግን ፋይሉ በእጃችሁ እያለ ማንበብ አትችሉም፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ በየቤቱ ስንት ውልና ማመልከቻ፣ ስንት የቤተክርስቲያን ጽሑፍ እንደዚህ ተቀምጧል።

ጋሼ ማሽኗን መጣል አልፈለጉም፣ እኔም አልገፋፋኋቸውም፣ ሌዘር ፕሪንተራቸው በሰፊው ፓራሌል ገመድ ነው የሚሰራው፣ አዲስ ላፕቶፕ ያ መሰኪያ የለውም። ትኑር፣ ግን ኢንተርኔት የለም፣ የኔትወርክ ገመዷን ነቀልኩት። በፈረንጆቹ 2017 ዋናክራይ የሚባለው ቫይረስ በፋይል መጋሪያው በር በኩል ነው ከማሽን ወደ ማሽን የተዛመተው፣ ኤክስፒ ደግሞ ያንኑ ኤስኤምቢ የሚባለውን ፋይል መጋሪያ፣ የድሮውን የመጀመሪያውን ስሪት ብቻ ነው የሚያውቀው። አዲሱ ኮምፒውተር ኤክስፒውን አላየውም ሲል አዲሱ ላይ የድሮውን ኤስኤምቢ ክፈቱት የሚል ምክር ትሰማላችሁ፣ እኔ አልመክርም፣ ለአንድ አሮጌ ብላችሁ ጤነኛውን አታጋልጡ። በፍላሽ አመላልሱ፣ አዲሱ ላይ ስካን እያደረጋችሁ።

የእድሩ መዝገብ የሚከፈተው በድሮ ፕሮግራም ስለሆነ ደግሞ ዲስክ ቱ ቪኤችዲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ኤክስፒውን ሙሉውን ወደ አንድ ፋይል አድርጌ ላፕቶፑ ላይ በቨርቹዋልቦክስ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስነሳው ፕሮግራም፣ አስነሳሁት። መጀመሪያ ሰማያዊ ስክሪን አወጣ፣ መጨረሻው 7ቢ የሚል፣ ቨርቹዋልቦክሱ ላይ ዲስኩን ሳታ በሚባለው አዲሱ የዲስክ አገናኝ ስላገናኘሁት ነው፣ ወደ ድሮው አይዲኢ ስቀይረው ተነሳ። እዚህ ላይ የተቸገረ ካለ መጀመሪያ ይቺን ይሞክር። አንዳንዴ ሃርድዌሩ ተቀየረ ብሎ አክቲቬሽን ይጠይቃል፣ የማሽኑ ቁልፍ የተጻፈበትን ተለጣፊ ከኮምፒውተሩ ቀፎ ላይ ፎቶ አንሱት።

ሁለተኛውን ኮፒ እሳቸው ቤት፣ ሶስተኛውን ጎንደር አዘዞ ያለች ልጃቸው ጋ አስቀመጥን፣ እያንዳንዱን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን ካየን በኋላ ነው። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው የእድሩን ስም ዝርዝር ከላይ ጀምረው ጮክ ብለው ሲያነቡ ነበር፣ ግማሾቹ በሕይወት የሉም፣ እኔ ዲስኩን መልሼ እያሰርኩ ዝም ብዬ አዳመጥኳቸው።