የኤሌክትሮኗ 3.4 ናኖሰከንድ

ዛሬ ከአንዲት ኤሌክትሮን ጋር ዋልኩ። በሲሙሌሽን ሶፍትዌር ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶችን በ1 ሳንቲሜትር አራርቄ 100 ቮልት ሰጠኋቸው። ኤሌክትሮኗን ከኔጌቲቩ ብረት አጠገብ ለቀቅኳት። የመጨረሻ ፍጥነቷ ግን በእጄ ካሰላሁት ጋር አልገጥም አለ። ግማሽ ቀን የኤሌክትሪክ መስኩን ስጠራጠር ቆየሁ።

ለካ ችግሩ የጊዜ እርምጃው፣ ማለትም ሶፍትዌሩ እንቅስቃሴዋን እየዘለለ የሚያሰላበት የጊዜ ክፍተት ነው! 1 ናኖሰከንድ (የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ) አድርጌው ነበር። እሷ መንገዱን የምትጨርሰው ደግሞ በ3.4 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። በሦስት አራት ዝላይ ምን ይታያል? ወደ 1 ፒኮሰከንድ (የናኖሰከንድ አንድ ሺኛ) ሳወርደው፣ ፍጥነቷ በሰከንድ 5,900 ኪሎሜትር ገደማ መጣ። ልክ እንደ ወረቀቴ! ደስታዬን አልቻልኩትም።

ከዚያ ፕሮቶን ከፖዘቲቩ ብረት ለቀቅኩ። የሚያገኘው ኢነርጂ ያው ነው፤ ከኤሌክትሮኗ በጣም ስለሚከብድ ግን ፍጥነቱ 43 ጊዜ ያህል ያንሳል። ቀመሩን ድሮም አውቀዋለሁ። ሲንቀሳቀስ ማየት ግን በጣም ይለያል። ነገ መግነጢሳዊ መስክ እጨምርበታለሁ።