4,294,967,297ን በእርሳስና በወረቀት እንዴት ፈታሁት

32 ሁለቶችን አባዝተን 1 ስንጨምር 4,294,967,297 እናገኛለን። የሒሳብ ሊቁ ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይህ ቁጥር ብቸኛ ነው፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፣ ብሎ ያምን ነበር፤ በዚሁ መንገድ በ1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶች ከተሠሩት ከእርሱ የሚያንሱት 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ሁሉም ብቸኛ ናቸውና። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ሌዎናርድ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1732 አካፋይ አገኘለት። እኔ ግን መልሱን አንብቤ ማለፍ አላረካኝም፤ ያለ ኮምፒውተር ራሴ ልደርስበት ፈለግሁ።

ብቸኛ ቁጥሮችን በየተራ መሞከር ይቻላል። ነገር ግን እስከ ቁጥሩ ዳግም ዘር (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን እስከሚሰጠው)፣ ማለትም እስከ 65,536 ገደማ፣ 6,542 ብቸኛ ቁጥሮች አሉ። ስለዚህ ከማካፈሌ በፊት አንድ ጥያቄ አነሣሁ፦ አካፋይ ካለው፣ ያ አካፋይ ምን ዓይነት መሆን ይኖርበታል?

ብቸኛ የሆነውን አካፋይ «መ» እንበለው። 2 ርቢ 32 (32 ሁለቶች ሲባዙ) ለመ ሲካፈል ቀሪው −1 ነው፤ ማለትም 1 ቢጨመርበት እቅጩን ይካፈላል። ሁለቱን ወገን በራሱ ስናባዛ 2 ርቢ 64 ቀሪው 1 ይሆናል፤ ከ64 ያነሰ ርቢም 1 ሊያስቀር አይችልም። የፌርማ ትንሹ ቲዎረም ደግሞ 2 ርቢ (መ−1) ሁልጊዜ 1 ያስቀራል ይላል። እንግዲህ መ−1 የግድ የ64 ብዜት ነው። የፌርማን ግምት የሚያፈርሰው መሣሪያ ከራሱ ከፌርማ እጅ መውጣቱ ይደንቀኛል።

ከዚህ በኋላ ሥራው ቀለለ። 65፣ 129፣ 321፣ 385 እና 513 ብቸኛ ስላልሆኑ ተጣሉ። 193፣ 257፣ 449 እና 577 ቀሪ ተዉ። 641 ግን እቅጩን አካፈለ፦ 641 × 6,700,417።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ረጅሙን ማካፈል ጨርሶ የማይፈልገውን ማረጋገጫ ነው። 641 በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ 5 × 128 + 1፣ እንዲሁም 625 + 16። ከመጀመሪያው፣ 5 × 2 ርቢ 7 ለ641 ሲካፈል −1 ያስቀራል፤ ወደ 4ኛ ርቢ ስናነሣው 625 × 2 ርቢ 28 ቀሪው 1 ነው። ከሁለተኛው፣ 625 በቀሪ ከ−16 ጋር እኩል ነው፤ 16 ደግሞ 2 ርቢ 4 ነው። ስንተካው −(2 ርቢ 32) ቀሪው 1 ይሆናል። ስለዚህ 2 ርቢ 32 ላይ 1 ሲጨመር ምንም አይተርፍም። አለቀ!

6,700,417ስ ራሱ ብቸኛ ነው? እዚህ ላይ የሒሳብ ሊቁ ኤድዋር ሉካስ ረዳኝ፤ አካፋዮቹ በ64 ብቻ ሳይሆን በ128 ብዜት ላይ 1 የተጨመረባቸው መሆን እንዳለባቸው አሳይቷል። የ6,700,417 ዳግም ዘር 2,588 ገደማ ነው። እስከዚያ ያሉት ብቸኛ እጩዎች 257፣ 641፣ 769፣ 1,153 እና 1,409 ብቻ ናቸው። 257 አስቀድሞ ወድቋል። የቀሩት አራቱ በቅደም ተከተል 44፣ 120፣ 334 እና 622 አስቀሩ፤ ስለዚህ ብቸኛ ነው።

በዚሁ መንገድ ወደ 2 ርቢ 64 ሲደመር 1 ተሻገርኩ። አካፋዮቹ የ256 ብዜት ሲደመር 1 ናቸው። ትንሹ 274,177 ሲሆን 256 × 1,071 + 1 ማለት ነው፤ እዚያ ድረስ ያሉትን እጩዎች ለመፈተሽ እርሳሱን አስቀምጬ ኮምፒውተር ከፈትኩ።